«ባዶ ነው» ቢሉህም ራስህ እይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፣ የምኖረው ደላንታ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱንም ከብቱንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። አባቴ በፈቃድ የያዘው ክላሽ አለን፣ አጎቴም ተኩስ ላስተምርህ ካሉኝ ወር አለፈ። ጎበዝ ተኳሽ ናቸው፣ ግን ይቸኩላሉ። ባለፈው ሳምንት አፈሙዙን ወደ ደጅ አዙረው «አብሽር፣ ባዶ ነው» ብለው ቃታውን ሲስቡ እህቴ ውሃ ይዛ በዚያው በኩል እያለፈች ነበር። አልተኮሰም፣ እውነትም ባዶ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው? ትምህርቱንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መደንገጥህ ልክ ነው። እኔም የተማርኩት ሀይቅ አካባቢ ከአጎቴ ነው፣ ስለዚህ የምትለው ነገር ይገባኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ማታ እቤታችን የመጣ እንግዳ የጠመንጃውን ካዝና፣ ጥይት የሚሞላበትን፣ አወጣና «ባዶ ነው» ብሎ ቃታ ሳበ። ቆርቆሮው ተበሳ። ሰው አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ያን ክረምት በሙሉ ከቀዳዳዋ ሥር ጣሳ እናስቀምጥ ነበር፤ እናቴ ጠብታው ጣሳው ላይ ሲያርፍ በሰማች ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

ካዝና ወጣ ማለት ጠመንጃው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። የጎረሰው አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከመተኮስ በፊት ማራገፍ ተማር። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አፈር ይዙር፣ ጣትህ ከቃታው ይራቅ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ክላሽ ተቆልፎ ሳለ የማቀባበያው እጀታ እስከ መጨረሻው አይሳብም፣ ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች አውርደው፣ ከዚያ እጀታውን ወደ ኋላ ስበህ ያዝና ውስጡን በዓይንህ እይ፤ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣትህ ዳብሰው። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ! ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበልክ የጎረሰውን አስወጥተህ ሌላ ታጎርሰዋለህ፣ ባዶ ያደረግከው እየመሰለህ።

መቆለፊያው ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ መሃል ላይ ሩምታ ነው፣ አንድ በአንድ የሚተኩሰው ታች ሲደርስ ነው። መሃል ላይ ካቆምከው አንዴ ቃታ ስትስብ ይንጣጣል፣ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሳብሃል። እኔ ብሆን ለመጀመሪያው ቀን ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ እከት ነበር። አንድ ተኩሰህ፣ አራግፈህ፣ አይተህ፣ እንደገና አንድ። አጎትህ ይሰለቻቸው ይሆናል፣ ይታገሱህ።

ቦታው ላይ ደግሞ አደራ። የእናንተ አገር ገደል የበዛበት ነው፣ ገደል ማዶ ማነጣጠርም ያምራል። ግን ጥይቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ማዶ ደግሞ እረኛ አለ። ድንጋይ ላይም አትተኩስ፣ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ግድግዳ ፈልግና ዒላማውን ሥሩ አድርግ፣ 50 ሜትር ያህል ርቀህ በደረትህ ተኛ። ጉም ካለ ተመለስ። ጆሮህን ድፈን፣ ሰደፉን ትከሻህ ላይ አጥብቅ፣ ትንፋሽህን ግማሽ አስወጥተህ ያዝ፣ ቃታውን ሳትነጥቅ ቀስ ብለህ ሳብ። ቃታ ስበህ ዝም ካለ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለና። ከጦርነቱ የቀረ፣ ማሳ ላይ የተገኘ ጥይት ከሆነማ ጭራሽ አትንካው።

የፈቃዱን ነገር ሳልረሳው፦ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ ያለ ፈቃድ አይያዝም፣ የአባትህ ፈቃድ ደግሞ ለአንተ አይሆንም። ከመተኮስህ በፊት ፖሊስ ዘንድ ሄደህ አስተካክል። መለማመድ የምትችሉበትን ቦታና ቀን እዚያው ጠይቅ፣ ለጎረቤትም ንገሩ፤ በዚህ ጊዜ ድንገት ተኩስ የሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ አንተው ታውቀዋለህ።

አጎትህን ሰው ፊት አትንገራቸው። ቡና ተጠጥቶ ሰው ሲበተን «ጋሼ፣ አንቱ ሲያራግፉ እኔም ውስጡን ልይ፣ እጄን ላስለምድ» በላቸው። አስተምሩኝ ማለት ነውና አይከፋቸውም። የእህትህንም ነገር አትደብቃቸው፣ «ያን ቀን በደጅ ስታልፍ አይቼ ደነገጥኩ» በል፣ ሌላ አትጨምር። ልምምዱን ስትጀምሩ እሷም ትምጣ። ከኋላችሁ ትቁምና፣ እናንተ ካያችሁ በኋላ እሷም ውስጡን ትይ።