ለሬዚደንት ልጆቼ፦ ስለ ክሩና ስለ ማሽኑ

ስታዲየም አካባቢ ቡና ላይ ስንገናኝ የምትጠይቁኝ ያው ነው። «ዶክተር፣ ማህፀን በታች፣ በብልት በኩል ስናወጣ ደም ስሩን በክር ብናስር ይሻላል በማሽን ብናሽግ?» ቡና ላይ ቶሎ ስለምትከራከሩኝ በጽሑፍ ልመልስላችሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን አልበድለውም። በደም ስር ማሸጊያ ሲሠራ ቀዶ ጥገናው ያጥራል፤ ጥናቶቹን ደምራችሁ ካያችሁ በአማካይ ሩብ ሰዓት ገደማ። የሚፈሰው ደምም ይቀንሳል፣ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከባድ ጉዳት ላይ ሁለቱ ይህን ያህል አይለያዩም። በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶችም አሉ፤ እኔም አምናለሁ። በክር ታንቆ የቀረ ሥጋ ያማላ! ሩብ ሰዓት ለተኛችው ሴት ብዙ ላይሆን ይችላል። ውጭ ተራ ለምትጠብቀው ግን ነው።

እንግዲህ ለምን «ክሩን ቀድማችሁ ልመዱ» እላለሁ?

ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው። ሥጋውን ይጫናል፣ ያሞቃል፣ የደም ስሩ ግድግዳ ውስጥ ያለው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ቀልጦ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ደም ስር ይዘጋል። ማህፀንን የሚመግበው ደም ስር ለዚህ አይከብደውም። ዩቴሮሳክራል ጅማት ግን ሌላ ነገር ነው። ማህፀኑ ከወጣ በኋላ የብልቱን ጣሪያ ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። አሽጋችሁ ቆርጣችሁ ከለቀቃችሁት ወደ ላይ ሸሽቶ ይጠፋችኋል። ያኔ ጣሪያውን በምን ትሰቅሉታላችሁ? ማኮል የተባለው ሐኪም በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳየው የጣሪያ መስቀያ ስፌት የሚሠራው ጅማቱን ፈልጎ ለሚያገኝ እጅ ነው። እኔ በማሽን ስሠራም ይህን ጅማት በክር ይዤ፣ የክሩን ጫፍ ሳልቆርጥ አስቀምጠዋለሁ። የማህፀን መውጣት (ማህፀኑ ከቦታው ወርዶ በብልት በኩል ብቅ ማለቱ) ይዟት ለመጣች ሴት ደግሞ ይህ ዋናው ጉዳይ ነው። እሷ የመጣችው «የወጣው ይግባልኝ» ብላ ነው። ከዓመታት በኋላ የብልቷ ጣሪያ ተገልብጦ ቢመጣባት ቀዶ ጥገናው በስንት ደቂቃ እንዳለቀ ማን ያስታውስላታል?

የገጠር እናቶቻችን ብዙ ወልደው፣ ከባድ ተሸክመው፣ ማህፀኑ ሙሉ ለሙሉ ወጥቶ ነው የሚደርሱን። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ዓይናችሁ ሥር ነው፤ ክላምፑም (መቆንጠጫውም) መርፌውም በቂ ቦታ አለው። ማሽኑ የሚቆጥብላችሁ ጊዜ ያን ያህል አይደለም። ማሽኑ በእውነት የሚያግዛችሁ ማህፀኑ ባልወረደበት፣ መንገዱ በጠበበበት፣ መርፌ ለማዞር እጅ በማይገባበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ለወር አበባ ደም መብዛት ብላ የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ እንዲህ ናት። እዚያ ማሽኑ ካለ አትግደርደሩ፤ ተጠቀሙበት።

ስትጠቀሙ ግን እየጎተታችሁ አታሽጉ። ሳይዘጋ ይቀደድና ደሙ ፊታችሁ ላይ ነው። ሥጋውን የሚነክሰው የማሽኑ መንጋጋ ጫፉ የት እንደደረሰ ሳታዩ ፔዳሉን አትርገጡ። ሙቀቱ ከመንጋጋው አልፎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ የብልት ግድግዳን፣ ከንፈሩንም ያቃጥላል። ፊኛውን በደንብ ወደ ላይ ግፉት። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቱቦ ቅርብ ነው፤ ማህፀኑ ሲወርድ ደግሞ አብሮ ይጎተታል። በመርፌ የተያዘ ቱቦ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊጠረጠር ይችላል። የተቃጠለው ግን ብዙ ጊዜ ሴትየዋ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው የሚፈስሰው። ይህን ልዩነት ከማንኛውም የፈተና ጥያቄ በላይ ያዙልኝ።

ክርም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ቋጠሮ ይንሸራተታል። የደም ስሩን ጉቶ እንደ ማንጠልጠያ የሚጎትት ረዳት አለ፤ «ልቀቅ» በሉት፣ ሲኒየርም ቢሆን። በአክብሮት ነው ታዲያ።

ስለ ገንዘብ ሳላነሳ አልፍም። የማሽኑ መያዣ ብዙውን ጊዜ አንዴ ተጠቅሞ እንዲጣል የተሠራ ነው። ብዙ ቦታ ግን ታጥቦ ይደገማል፣ ይሠለሳል። የደከመ መያዣ «ጨርሻለሁ» ብሎ ድምፅ ያሰማና ደም ስሩ ግማሽ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ በክር ሥሩ። ቪክሪል (የስፌት ክር) እንኳን ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ተብሎ ቤተሰቧ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ቁልቁል ለሚል ሴት፣ የመያዣውን ዋጋ ማስከፈል ያለ በቂ ምክንያት አይገባም።

መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ ጄኔሬተሩንም ታውቁታላችሁ። ማሽኑ ቢኖርም ስክራብ ነርሷ (መሣሪያ የምታቀብላችሁ) የሄኒ ክላምፖቹንና ክሩን ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ትዘርጋላችሁ። ፔዲክሉ (ደም ስር የያዘው የሥጋ ዘለላ) ተቆርጦ፣ ደም እየፈሰሰ፣ የመጋዘን ቁልፍ ማን ጋ ነው እየተባለ መሮጥ የለም።