ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ሶመሊየር ይሆናል?

ውድ ጠያቂዬ፣ የሶመሊየር (ወይን መርጦ የሚያማክርና የሚያቀርብ ባለሙያ) ሥልጠና ጀምረህ የወይኑን መልክ በምትገመግሙበት ሰዓት ጓደኞችህ «ሐምራዊ»፣ «የጡብ ቀለም» ሲሉ ልዩነቱ እንደማይታይህ፣ የዓይን ሐኪምም ቀይና አረንጓዴ እንደሚምታቱብህ እንዳረጋገጠልህ ጽፈህልኛል። «ልተወው ወይ?» ብለሃል። አትተወው።

መልክ ቀለም ብቻ አይደለም። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ወደ 45 ዲግሪ ስታዘነብል መጀመሪያ የምታየው ወይኑ ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ የሚለውን ነው። ቀጥሎ ድምቀቱን። ቀይ ወይን ቀድተህ ቀጥ አድርገህ አስቀምጠውና ከላይ ቁልቁል ተመልከት፤ የብርጭቆው እግር የሚጀምርበት ቦታ በግልጽ ከታየህ ወይኑ ሳሳ ያለ ነው፣ ጨርሶ ካልታየህ ደማቅ ነው። ይህን የሚወስነው በዋናነት የብርሃን ማለፍና አለማለፍ ስለሆነ አንተም ልታየው ትችላለህ። ከቀይ የወይን ዝርያዎች ፒኖ ኗርና ኔቢዮሎ ሳሳ ማለት ይወዳሉ፤ ማልቤክና ሲራህ ይጠቁራሉ። ዕድሜም እንዲሁ ነው፦ ከወይኑ ፍሬ ልጣጭ የመጣው ቀለም ከታኒን (አፍ ከሚያደርቀው የወይን ንጥረ ነገር) ጋር እየተያያዘ አተላ ሆኖ ስለሚዘቅጥ ቀይ ወይን ሲያረጅ ይሳሳል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፈዛዛ ቀለበትም ይሰፋል። ነጭ ወይን ግን ሲያረጅ ይጠቁራል።

የሚያስቸግርህን ልንገርህ። በሮዜ (ፈዛዛ ሮዝ መልክ ባለው ወይን) ዓይነቶች መሃልና በቀይ ወይን ዓይነቶች መሃል ባሉት ስስ የቀለም ልዩነቶች ላይ ነጥብ ልታጣ ትችላለህ። ሆኖም በአብዛኞቹ ፈተናዎች ለመልክ የሚሰጠው ነጥብ ለሽታና ለጣዕም ከሚሰጠው ያንሳል። ቀለም ደግሞ ሊያሳስት ይችላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ሲቀርብላቸው 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎች ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት እንደገለጹት አሳይቷል። ዓይናቸው አፍንጫቸውን ቀድሞ መራው ማለት ነው።

አሁኑኑ ለአስተማሪህ ንገር፤ ከፈተናው በኋላ የሚነገር ነገር አይደለም። ምን ማስተካከያ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ጠይቅ። ከጎንህ ካለው ተማሪ መልስ አትቅዳ፤ ይልቅ በልምምድ ጊዜ አንድ ጓደኛ ቀለሙን ይንገርህና አንተ የጠርዙን ስፋትና ድምቀቱን ከጎኑ እየጻፍክ አዛምድ።

ወደፊት ሥራ ስትመርጥ ሮዜን በዓይን እያዩ የሚያዋህዱበትን ቦታ ብትተወው ይሻላል። የወይን ላቦራቶሪ ግን አያስፈራህ፤ እዚያ ቀለም የሚለካው ወይኑ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል መሣሪያ ነው፣ በ420፣ በ520 እና በ620 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት።