ሆዳችሁ ጅማ ላይ ሲቆጣ

ክረምት ሲገባ ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ጅማን ይሞላታል። ሳምንት ሳይቆይም ሆዱን ይዞ መድኃኒት ቤት በር ላይ ይቆማል። «አሜባ ነው» ይሉታል፤ ኪኒኑን ገዝቶ ይሄዳል። እኔም ከጀርመን በተመላለስኩባቸው ዓመታት ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የአሜባ ኪኒን ደጋግሜ ውጫለሁ። ሆዴ ግን እዚያም ሳለሁ ይነፋኝና ይቆርጠኝ ነበር። አሜባ ሳይሆን አይ ቢ ኤስ የሚባለው የአንጀት መታወክ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ምልክቱን ልንገራችሁ። ቁርጠቱ ላለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከተመላለሰ፣ ከሰገራ ጋር ከተያያዘ፣ ሰገራውም አንዴ ድርቀት አንዴ ተቅማጥ ከሆነ አይ ቢ ኤስን ጠርጥሩ። በምርመራ ቁስል አይገኝም፤ የሚዛባው አንጀትና አእምሮ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። «ሐሳብ ነው እንጂ በሽታ አይደለም» የሚላችሁን ግን አትስሙ፤ ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። ከተቅማጥ በሽታ በኋላ የሚጀምርበትም ጊዜ አለ። አሜባው ከጠፋ በኋላ ሆድ ለወራት ሲታወክ ኪኒኑን መደጋገም ምንም አይፈይድም።

ደም ከታየ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ ከጀመረ አይ ቢ ኤስ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከጤፍ እንጀራ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከወጡ ጋር ነው። ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ ምስርና ክክ ትንሹ አንጀት በቅጡ የማይፈጨው ስኳር አላቸው። ይህ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙም ሆድን ይወጥራል። የምንኮራበት የጅማ ማርም በብዛት ሲበላ ያው ነው። እነዚህን ለ4 እስከ 6 ሳምንታት አቁሞ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚፈትኑበት አመጋገብ አለ፤ የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነው። ይህን በእረፍት ጊዜያችሁ ጅማ ላይ አትጀምሩት። በምትኖሩበት አገር ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ጨርሱና የማይስማማችሁን ለይታችሁ ኑ። ስንዴ ከማቆማችሁ በፊትም ሴሊያክ ለሚባለው፣ ስንዴ አንጀትን ለሚጎዳበት በሽታ የደም ምርመራ አድርጉ፤ ካቆማችሁ በኋላ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ቡናን አልከለክላችሁም፤ በቡና አገር ማን ይከለክላል! የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ለዚህ ሕመም ቡናና ሻይ በቀን ከ3 ሲኒ እንዳይበልጥ ይመክራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው። የሚከፋው በአንድ ቀን ሦስት ቤት ስትጠሩ ነው፤ ያኔ ከየቤቱ አቦሉን ብቻ ቅመሱ። ለተነፋ ሆድ በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በብዙ ውኃ ሞክሩ።

ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመጡ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሽንት ቤት ሥጋት ራሱ አንጀትን ያስቆጣል፤ ስለዚህ ወሊሶና ወልቂጤ ላይ እንዲቆምላችሁ ከሾፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ዘመድን ማዕድ ላይ ከማስቀየም ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ መደወል ይሻላል። እኔ አክስቴን «እትዬ፣ ሐኪም ሽንኩርት ከልክሎኛል፤ በሞቴ እንዳይሉኝ» አልኳቸው። ስደርስ ያለ ሽንኩርት የተሠራ የድንች አልጫ ለብቻው ተቀምጦ ጠበቀኝ።