ዘጠኝ ሰዓት የማን ዘጠኝ ሰዓት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። አጎቴ ከዱባይ ለእረፍት ሲመጣ ኒንቴንዶ ስዊች የሚባል የጨዋታ መሣሪያ ሁሉን ነገር ሞልቶ አምጥቶልኝ «አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ» የሚባል፣ በደሴት ላይ ዓሣ እየተጠመደ ለሙዚየም የሚሰጥበት ጨዋታ እጫወታለሁ። ለሙዚየሙ በጣም የምፈልገው ራንቹ ጎልድፊሽ የሚባለውን ወርቃማ ዓሣ ነው። አጎቴን በስልክ ስጠይቀው «ኩሬ ውስጥ ነው፤ ከ9 እስከ 4 ሰዓት ይወጣል» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ልክ በ9 ሰዓት ኩሬው ዳር ቆሜ፣ ለራትና ለጥናት ብቻ እየተነሣሁ እስከ ማታ 4 ሰዓት አጠመድኩ። ተራውን ጎልድፊሽ 11 ጊዜ ያዝኩ። ባለፈው ቅዳሜ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ውኃው ውስጥ ትልቅ ጥላ አይቼ ስስበው ደግሞ ኮይ የሚባል ሌላ ዓሣ ሆነ። ራንቹ ግን አንድም የለም። ወንድሜ «ዕድል የለሽም» ይለኛል። እውነት የዕድል ነገር ነው?

መልስ፦ የዕድል አይደለም፣ ልጄ። የሰዓት ነው። መልሱንም በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ያቺን «9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ» ባትመዘግቢ ኖሮ እኔም ከግማሽ መንገድ አላልፍም ነበር። 31 ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ያያችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉ» እያልኩ ስለምን እንደነበር የሚያውቁ ያውቁታል። አንቺ ሳልነግርሽ አደረግሽው።

አጎትሽ የነገረሽ ትክክል ነው። ራንቹ ዓመቱን ሙሉ በኩሬ ይገኛል፤ የሚወጣውም ከ9 እስከ 4 ነው። ነገር ግን 9 የተባለው የጨዋታው 9 ነው። ጨዋታውን የሠራው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። በመካከሉ 6 ሰዓት አለ። የእነርሱ የጠዋት 9 በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የእነርሱ ከቀትር በኋላ 4 በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት። ራንቹ የሚዋኘው እንግዲህ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። አጎትሽ በሚኖርበት አገር ሰዓት ነገረሽ፤ አንቺ በጅማ ሰዓት ሰማሽው።

አሁን «ታዲያ ከ9 እስከ 10 ያለችውስ አንድ ሰዓት? በእርሷ እንኳ ለምን አልያዝኩም?» ማለትሽ አይቀርም። እኔንም ሁለት ቀን ያቆየችኝ ይህች ጥያቄ ናት። መልሱ ያለው ኮዩ ዘንድ ነው። ኮይ እና ራንቹ በአንድ ኩሬ በፈረቃ የሚሠሩ ዓሦች ናቸው። ራንቹ ሲገባ ኮይ ይወጣል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ። አንቺ ግን ኮይን የያዝሽው በ9 ሰዓት ከ10 ነው፤ ፈረቃው ሊደርስ ገና 50 ደቂቃ ሲቀረው። ይህ ሊሆን የሚችለው የስዊቹ ሰዓት ከግድግዳችሁ ሰዓት ቀድሞ ሲሄድ ብቻ ነው። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። አጎትሽ ሰዓቱን እዚያ ሞልቶ አመጣው፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። አንቺ በ9 ሰዓት ኩሬው ዳር ስትቆሚ ደሴትሽ ላይ 10 ሰዓት ሞልቶ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራንቹ በገባባት ደቂቃ ነው የምትደርሺው።

ለማረጋገጥ ጨዋታውን ክፈቺና ምንም ሳትነኪ ቁሚ። በስክሪኑ ታችኛው ግራ ጥግ ሰዓቱ ይታያል። ከዚያ ላይ 6 ቀንሰሽ ከግድግዳው ጋር አስተያዪው፤ አንድ ሰዓት ልዩነት ካለ እንዳልኩሽ ነው። ጨዋታውን ዘግተሽ በስዊቹ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ቀንና ሰዓት ግቢ፤ የሰዓት ክልሉን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መልሺው። ቀኑን ግን አትንኪው። ዓሣ ፍለጋ ብለው ቀን ወደፊትና ወደኋላ የሚያመላልሱ ልጆች አሉ፤ እኔ አልወደውም። የዚህ ጨዋታ ጣዕሙ የደሴቱ ጠዋት ከጅማ ጠዋት ጋር አብሮ መንጋቱ ነው።

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄን ስዊች ተውሼ ራሴ ሞከርኩት። ቡና አፍልቼ፣ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀርብ፣ ልክ በ3 ሰዓት ኩሬው ዳር ቆምኩ። በመጀመሪያ የወጡት ሁለቱም ተራ ጎልድፊሾች ነበሩ። በ3 ሰዓት ከ25 ላይ ዓይኑ የፈጠጠው ፖፕ-አይድ ጎልድፊሽ ወጣ፤ እርሱም እንደ ራንቹ የቀን ፈረቃ ነው፤ አንቺም በደብዳቤሽ ስላላነሣሽው ሳይቀርሽ አይቀርም። ራንቹ የመጣው በ4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው፤ ስድስተኛው ዓሣ ነበር። እንግዲህ አንዱን ጠዋት በትዕግሥት ያዢው።

ጥላውን መለየት ልመጂ። ተራው ጎልድፊሽና ፖፕ-አይዱ በውኃው ውስጥ ከሁሉ ያነሰች ጥላ ናቸው። ራንቹ ከእነርሱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ የኮይ ጥላ ግን ትልቅ ነው። ትልቅ ጥላ ካየሽ ራንቹ አይደለም። ቢሆንም ያዢውና አውጪው፤ ቦታው ካልተለቀቀ ሌላ ዓሣ አይመጣም። ኩሬው አጠገብ አትሩጪ፤ ይደነብራሉ። መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ፊት ጣዪለት። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ አዎ፣ ጨፍኚ። ዓሣው እስከ አራት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ሊያታልልሽ ይችላል፤ በአምስተኛው ግን ሳይጎርስ አይቀርም። ሲነካ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሲጎርስ ውኃው «ጭልፕ» ብሎ መሣሪያው እጅሽ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ዓይን ይቸኩላል፣ ጆሮ ግን ይጠብቃል።

ጥላ ከጠፋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ውረጂ። አሸዋው ላይ ውኃ ሽቅብ ፊጭ የሚልበትን ቦታ በአካፋ ስትቆፍሪ ማኒላ ክላም የሚባል ዛጎል ይወጣል። አንዱ ዛጎል አንድ የዓሣ ምግብ ይሠራል፤ ኩሬው ላይ ስትበትኚው አንድ ዓሣ ይጠራልሻል። አሥር ያህል ሠርተሽ ቅዳሜ ጠዋት ብትቀርቢ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያውን ራንቹ ለሙዚየሙ ለጉጉቱ ለብላዘርስ ስጪው። ሁለተኛው በሱቅ 4,500 ቤል (የጨዋታው ገንዘብ) ያወጣል፤ ዓሣ ገዢው ሲጄ ወደ ደሴትሽ የመጣ ቀን ከወጣሽ ግን በአንድ ተኩል እጥፍ፣ 6,750 ቤል ይገዛሻል። ተራው ጎልድፊሽ 1,300 ብቻ ነው፤ እነዚያን 11 ካልሸጥሻቸው ለእርሱ አቆዪአቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ጎልድፊሽ የዚህ ጨዋታ ነባር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ለአሜሪካ ገበያ በወጣው ላይም ነበረ። ራንቹ ግን አዲስ መጤ ነው፤ የገባው በ2020 በወጣው በያዝሽው ጨዋታ ነው። ከእርሱ ጋር አብሮ የገባው ማን መሰለሽ? ከግልገል ጊቤ ግድብ ወደ ከተማችን የሚመጣው ቆሮሶ። በጨዋታው ስሙ ቲላፒያ ነው፤ በወንዙ ውስጥ በፈረንጆቹ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ይገኛል። ምሳ ላይ የምናውቀውን ዓሣ ሙዚየም ውስጥ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ለወንድምሽ ይህን መልስ አንብቢለት።

ጥያቄ፦ ከጅሬን ነው የምጽፍልዎት። ልጆቼ ይህንኑ ጨዋታ አይተው እውነተኛ ጎልድፊሽ ካልገዛህልን ብለው አስጨነቁኝ። ገበያ ላይ ያየሁት ክብ የመስታወት ሳህን በቂ ነው? ሲሰለቻቸውስ አዌቱ ወንዝ ብንለቀው ይኖራል?

መልስ፦ ሳህኑን አይግዙት። ጎልድፊሽ የሚበላውም የሚያስወግደውም ብዙ ነው፤ በጥቂት ውኃ ውስጥ አሞኒያው በቀናት ውስጥ ይከማችና ጉንጩ ሥር ያለውን መተንፈሻ ያቃጥለዋል። ብዙ ሰው «ዓሣው ሳይታሰብ ሞተ» የሚለው በዚህ ነው። የእኔ ሁለቱ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ ናቸው፤ ማጣሪያ አለው። የቧንቧ ውኃ ስቀይር በባልዲ ቀድቼ፣ ሳልከድን፣ አንድ ቀን ሙሉ አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪኑ ይወጣለታል። የጅማ አየር ስለሚስማማው ማሞቂያ አያስፈልግም። በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል እንስሳ ነውና ልጆችዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም እርስዎ ጋር ሊሆን እንደሚችል አስበው ይወስኑ። ጫጩቱን ከገዙ ደግሞ ወርቃማ ስላልሆነ አታለሉኝ አይበሉ፤ ሕፃን ሳለ አረንጓዴ የቀላቀለ ግራጫ ነው፣ ቀለሙ የሚመጣው ካደገ በኋላ ነው።

ወደ አዌቱም ሆነ ወደ ቦዬ ግን በፍጹም አይልቀቁት። ይኖራል፤ ችግሩም እርሱ ነው። በሰፊ ውኃ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ያድጋል፣ ጭቃውን እየቆፈረ ተክሉን ይነቅላል፣ ውኃውን ያደፈርሳል፣ የሌሎችን ዓሦች እንቁላል ይበላል። ቦዬ ጉማሬዎቹንና ወፎቹን ይዞ የቀረልን ረግረግ ነው፤ ይህን ሸክም ልንጨምርበት አይገባም። ማቆየት ካቃትዎት ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፉልኝ፤ የእኔ ገንዳ ለአንድ ዓሣ ቦታ አያጣም።