«ደም ሥር የሚያጥብ ግሉኮስ» ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ስኳርም ልብም ላለባቸው አባትሽ እዚሁ ድሬ «ደም ሥር የሚያጥብ» ግሉኮስ 20 ጊዜ ይሰጣቸው ተብሏል፣ ይውሰዱ ወይ ብለሻል። አይውሰዱ።

ሕክምናው ኪሌሽን ይባላል። በግሉኮሱ የሚገባው ኢዲቲኤ ነው፤ ደም ውስጥ ያገኘውን እርሳስ፣ ካልሲየምና ሌላ ማዕድን ይዞ በኩላሊት ይወጣል። ለእርሳስ መመረዝ እውነተኛ መድኃኒት ነው። ለልብ የታሰበው ደም ሥር ላይ የተጋገረው ስብ ካልሲየም ስላለበት ያሟሟዋል ተብሎ ነው። ስቡ ግን ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ እንደ ቧንቧ ዝገት ተጠርጎ አይወጣም።

«ጥናት አለ» ይሉሻል። አለ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሃርት አታክ በነበረባቸው 1,708 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ በተለይ ስኳር ላለባቸው፣ ጥቅም ያለው አስመስሎ ነበር። ስለዚህ አባትሽን የመሰሉ፣ ስኳር ያለባቸው ብቻ ተመርጠው እስከ 40 ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ተደገመ። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ወጣ፦ ሞት፣ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና መሰል ችግር የደረሰባቸው ኢዲቲኤ ከወሰዱት 35.6 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን ግሉኮስ ከወሰዱት 35.7 በመቶ። ኢዲቲኤ የወሰዱት የደማቸው እርሳስ በ61 በመቶ ወርዷል፤ ልባቸው ግን ምንም አላተረፈም። የሚሸጡላችሁ ይህን ሁለተኛውን አይነግሯችሁም።

አደጋው ላይ ጠንቅቀሽ አንብቢ። ኢዲቲኤ ሁለት ዓይነት ነው። ለእርሳስ የሚሰጠው ካልሲየም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ነው። «ለደም ሥር» የሚሰጠው ካልሲየም የሌለበት ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ሲሆን የደምን ካልሲየም ይስባል። ቶሎ ከፈሰሰ ካልሲየም በድንገት ወርዶ ልብ ይቆማል። ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ሁለት ሕፃናትና አንድ አዋቂ ሞተዋል። በጥናቱ ቢበዛ 3 ግራም፣ በ500 ሚሊ ሊትር፣ ቢያንስ በ3 ሰዓት፣ መጠኑም በኩላሊት አቅም ተለክቶ ነበር የሚሰጠው። እዚህ ማን ይለካል? ስኳር ኩላሊትን ቀድሞ ይጎዳል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ሰውን ውኃ ያሳጥረዋል።

«ሰውነታችሁ ውስጥ እርሳስ አለ» ለማለት የሚያሳዩትን የሽንት ምርመራም አትመኑ። መጀመሪያ ማዕድን የሚያወጣ መድኃኒት ሰጥተው ከዚያ ሽንት ከተቀበሉ የማንም ቁጥር ይጨምራል፤ የሚያወዳድሩት ግን መድኃኒቱን ካልወሰደ ሰው ጋር ነው። ትክክለኛው ከምንም መድኃኒት በፊት ከደም ሥር የሚቀዳ ደም ነው። ሕፃን ላይ እንኳ ኪሌሽን የሚመከረው እርሳሱ በዴሲሊትር 45 ማይክሮግራም ሲደርስ ነው፤ ያውም ምንጩ ከተወገደ በኋላ። ምንጩ የባትሪ መጠገኛ ቤት ወይም እርሳስ ያለበት የዓይን ኩል ከሆነ፣ እሱ ሳይቆም መድኃኒት መስጠት ከንቱ ነው።

ገንዘቡ ለስኳር፣ ለግፊትና ለኮሌስትሮል መድኃኒታቸው ይዋል፤ «ግሉኮሱ ይተካዋል» ተብለው እንዳያቋርጡ ተከታተዪያቸው። ጀምረው ከሆነ የመድኃኒቱን ጽሑፍ በስልክ አንሺና ለሚከታተላቸው ሐኪም አሳዪ፤ በደም ምርመራ ካልሲየምና ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው) ይታይላቸው። ግሉኮሱ እየገባ ከንፈራቸውን ወይም ጣታቸውን ከነዘራቸው፣ ጡንቻቸው ከተኮማተረ፣ ወዲያው ይዘጋና ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።