የልጆች ዕድሜ ከዲኤንኤ ሜቲሌሽን ሲገመት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ላይ ከሚለጠፉ ሜቲል የተባሉ ትንንሽ ኬሚካላዊ ምልክቶች (ሜቲሌሽን) ዕድሜን የሚገምት ስሌት «ሰዓት» ይባላል። የ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የሆርቫት ሰዓት ለየትኛውም የሰውነት ክፍል ይሠራል ይባላል። ለልጆች ለምን ሌላ አስፈለገ?

መልስ፦ ሆርቫት 353 የዲኤንኤ ቦታዎችን ያነባል፤ ስህተቱ በጥቅሉ 3.6 ዓመት ነው። በልጆች ላይ ከዚህ ቢያንስም፣ በአዋቂ ላይ የማይታይ ልዩነት ለአምስት ዓመት ልጅ ትልቅ ነው። ፔድቢኢ የተባለው ሰዓት ግን የተሠራው ከልደት እስከ 20 ዓመት ላሉ ብቻ ነው፤ ከጉንጭ ህዋስ 94 ቦታዎችን ያነባል፣ ስህተቱም 0.35 ዓመት፣ ማለትም አራት ወር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ በጉንጭ ፋንታ ምራቅ ብንወስድስ?

መልስ፦ ለፔድቢኢ አልመክርም። ምራቅ ውስጥ ነጭ የደም ህዋስ ይበዛል፤ የእሱ ሜቲሌሽን ደግሞ ከጉንጭ ሽፋን ህዋስ የተለየ ነው። ያኔ ዕድሜ የመሰለዎት የህዋስ ስብጥር ሆኖ ያርፋል። ድዱ የቆሰለ ልጅ ከጉንጩም ቢወሰድለት ይኸው ችግር አለ። ስለዚህ የህዋሶቹን ድርሻ ከመረጃው ገምቶ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ልኬቱ ላይ። የአፍ ናሙና የባክቴሪያ ዲኤንኤ ስላለው 500 ናኖግራም ያሉት ሁሉ የሰው አይደለም፤ የሰውን ብቻ የሚለይ ፒሲአር (ዲኤንኤን እያባዛ የሚለካ ምርመራ) ይጠቀሙ። ቀጥሎ ባይሰልፋይት ነው፤ ይህ ሜቲል ያለውን ከሌለው ለመለየት ዲኤንኤው የሚታከምበት ኬሚካል ነው። ሜቲል የሌለውን ሲቶሲን (ከዲኤንኤ «ፊደላት» አንዱን) ወደ ዩራሲል፣ ወደ ሌላ «ፊደል»፣ መቀየር አለበት፤ ሳይቀየር የቀረው ሜቲል እንዳለው ሆኖ ይነበባል። ሌላው አደራደሩ ነው፦ ሜቲሌሽኑ የሚለካበት የኢፒክ ቺፕ 8 ናሙና ይይዛል። ሕፃናትን በአንዱ፣ ጎረምሶችን በሌላው ከደረደሩ የቺፑን ልዩነት ከዕድሜው መለየት አይቻልም። በዕጣ ያደባልቋቸው።

ጥያቄ፦ የልጄ ውጤት ከዕድሜዋ በስምንት ወር በለጠ። ልጨነቅ?

መልስ፦ አይጨነቁ። 0.35 የመካከለኛ ስህተት ልክ ነው፤ ግማሾቹ ልጆች ከዚያ ይበልጣሉ። በዚህ ቁጥር ለአንድ ልጅ ምርመራ አይደረግም፤ የሚጠቅመው ቡድንን ከቡድን ለማነጻጸር ነው። በልጅ ላይ መቅደሙ ዕድገት ይሁን ጉዳትም ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሆንስ?

መልስ፦ ሳይለወጥ ከገባ ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አላግባብ ያረጃል። ኅዳር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 2017 ነው። የልደቱንና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን በአንድ አቆጣጠር አድርገው በመካከላቸው ያሉትን ቀናት ይቁጠሩ፣ ለ365.25 ያካፍሉ። «ሰባት ዓመት» ብሎ ማጠጋጋት የሰዓቱን ትክክለኛነት ያጠፋዋል።