ጉድጓዱ ከመሞላቱ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። የእህታችንን ጥያቄ ላላያችሁት ባጭሩ ላስታውስ። ብረት በክሮምና በኒኬል ሲለብጥ የኖረ ፋብሪካ ተዘግቶ ግቢው ከብክለት እየጸዳ ነው። ተቋራጭ አለ፣ አማካሪ አለ። እሷ ደግሞ በባለቤቱ በኩል ሥራውን እንድትቆጣጠር ተመድባለች። ሲቪል መሐንዲስ ናት፣ የተበከለ ቦታ ላይ ግን ሠርታ አታውቅም። "ምኑን ነው የምቆጣጠረው? ከየት ልጀምር?" ነው ያለችው።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚፈርመው። ለዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

የግንባታ ልምድሽ ይጠቅምሻል፤ አንድ ነገር ላይ ግን ሊያዘናጋሽ ይችላል። ግንባታ ላይ ሥራው ራሱ ይታያል። እዚህ ግን የተበከለውና ንጹሑ አፈር አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይለዩም። ኤክስካቫተሩ ሲቆፍር፣ ገልባጩ ሲመላለስ ቢውል ቦታው ጸድቷል ማለት አይደለም። መጽዳቱን የሚናገረው ናሙናው ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ ናሙናውን ተከተይ። ከየት ተወሰደ? መቼ? ማን ወሰደው? በምን ዕቃ ሄደ? ጉልበትሽን እዚህ ላይ አውይው።

ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ተቋራጩ ከመለበጫ ገንዳዎቹ ሥር ያለውን አፈር በዕቅዱ መሠረት ቆፍሮ አወጣ። ከጉድጓዱ ወለል ናሙና ተወሰደ። ሰማዩ ጠቁሯል። "ውጤቱ እስኪመጣ ውሃ ይሞላብናል፣ አሁኑኑ እንድፈነው" አሉ። አፋፉን እየዞርን ግድግዳውን ስናይ፣ በአንዱ ጎን ከላይ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቢጫ መስመር አፈሩ ውስጥ ገብቷል። የጣት ውፍረት ያህል ነው። ከመስመሩ በላይ የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ አፍ ይታያል። በፋብሪካው ፕላን ላይ ይህ ቱቦ የለም። ከግድግዳውም ናሙና ይወሰድ አልን። ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ተወሰደ። ወለሉ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ግድግዳው ግን ከገደቡ በጣም ያለፈ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም፣ ማለትም መርዛማው የክሮም ዓይነት፣ ነበረበት። ፍሳሹ ቱቦውን ተከትሎ ወደ ጎን ነበር የሄደው። በዚያን ቀን ቢደፈን ኖሮ፣ የወለሉ ውጤት ብቻ ተይዞ "ጸድቷል" ተብሎ ይፈረም ነበር።

ስለዚህ ገና ሥራው ሳይጀመር ውሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ አድርጊ፦ የወለሉም የአራቱም ግድግዳ የላብራቶሪ ውጤት በጽሑፍ ሳይመጣ፣ ተቆጣጣሪውም ሳይፈርም የትኛውም ጉድጓድ አይደፈንም። ይህ ካልተጻፈ ሁልጊዜ የሚያስቸኩል ነገር አይጠፋም። አንዴ ዝናብ፣ አንዴ የማሽን ኪራይ፣ አንዴ የበዓል ሰሞን።

ውሉን ካነሳን አይቀር ክፍያውንም እይው። ተቋራጩ የሚከፈለው ባወጣው ሜትር ኪዩብ ከሆነ ንጹሑንም አፈር እየቆፈረ ይጭናል። በቁርጥ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻውን ትቶ መውጣት ያዋጣዋል። በሁለቱም ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው የሚገፋው። እኔ የምመርጠው የክፍያው አንድ ትልቅ ድርሻ ከማረጋገጫ ናሙናው ውጤት ጋር እንዲታሰር ነው።

አሁን ወደ ናሙናው። "የተቀላቀለ ናሙና" ሲሉሽ ቆም በዪ። ከአምስት ቦታ አፈር ይወሰድና አንድ ላይ ተደባልቆ አንዴ ይመረመራል። ዋጋ ይቀንሳል፣ ግን ምን እንደሚሠራ ተመልከቺ። ገደቡ በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው እንበል። አራቱ ቦታዎች 20፣ 20 ቢሆኑና አምስተኛው 900 ቢሆን፣ አማካዩ 196 ይሆናል። አለፈ! 900ው ግን እዚያው ተቀምጧል። በትነት የሚጠፉ ኬሚካሎች ላይ ደግሞ መደባለቁ ራሱ ኬሚካሉን ያስወጣዋል። ለመጨረሻ ማረጋገጫ እያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻው ይመርመር በዪ።

ጠርሙሱንም በእጅሽ ይዘሽ እዪው። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ከመለበጡ በፊት የብረቱን ቅባት የሚያጥቡት ብዙ ጊዜ ትራይክሎሮኤቲሊን በሚባል ማሟሚያ ነበር። የዚህ የውሃ ናሙና የሚቀዳው በ40 ሚሊ ሊትር ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ነው። ውሃው አፉ ላይ ጉብ እስኪል ይሞላል፣ ከዚያ ይከደናል። ገልብጠሽ በጣትሽ መታ መታ አድርጊው። የአየር ፊኛ ከታየሽ በሌላ ጠርሙስ እንደገና ይቀዳ፤ ኬሚካሉ ከውሃው ወጥቶ ወደዚያ አየር ይገባል። ወዲያው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይግባ። የሄክሳቫለንት ክሮሚየም የውሃ ናሙና ደግሞ መጠበቂያ ካልተጨመረበት በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ላብራቶሪው ሩቅ ከሆነ ይህን አስቀድመሽ አስቢበት። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰዓትና ፊርማ ይኑረው። ከአንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ጥንድ ወስደሽ አንዱን ባለቤቱ ራሱ ለቀጠረው ሌላ ላብራቶሪ ላኪው። ይህን እንደምታደርጊ ማወቃቸው ብቻውን ሥራውን ያስተካክለዋል።

ውጤቱ ሲመጣ "አልተገኘም" የሚለውን ቃል ዝም ብለሽ አትለፊው። መሣሪያው እስከ ስንት ድረስ ዝቅ ብሎ ማየት ይችላል? ለምሳሌ በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው የትራይክሎሮኤቲሊን መጠን በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። ላብራቶሪው ከ50 በታች ማየት ካልቻለ የእሱ "አልተገኘም" ምንም አልነገረሽም።

ከአፈሩ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የከርሰ ምድር ውሃው ነው። ትራይክሎሮኤቲሊን ከውሃ ይከብዳል፤ የውሃ ጥግግት 1 ሲሆን የእሱ 1.46 ገደማ ነው። ነዳጅ ሲፈስ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ይሄኛው ግን የውሃውን የላይኛ ገጽ አልፎ ይወርድና ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ሲያገኝ እዚያ ይተኛል። እና የከርሰ ምድር ውሃው ናሙና የሚቀዳባቸው የክትትል ጉድጓዶች ጥልቀት ስንት ነው? ሁሉም ላይ ላዩን ብቻ ከተቆፈሩ ጥሩ ውጤት ቢያሳዩ አይግረምሽ።

የተበከለውን ውሃ ስቦ የሚያጣራ ፓምፕ ከተተከለ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ፓምፑ እየሠራ እያለ መጠኑ ይወርድና ሁሉም ይደሰታል። ፓምፑ ቆሞ ወራት ሲያልፉ፣ ሸክላው ውስጥ የተኛው ቀስ እያለ ይወጣና ቁጥሩ መልሶ ይጨምራል። የመዝጊያ ናሙና ፓምፑ ከቆመ በኋላ፣ በዝናቡም በበጋውም ወቅት ይወሰድ። እዚህ ላይ የምትቆጥቢው ጊዜ የለም።

ባክቴሪያ እንዲበላው ሞላሰስ ወይም ዘይት ወደ መሬት እንጨምር ካሉሽ ጥሩ ዘዴ ነው፣ አትቃወሚ። ግን ትራይክሎሮኤቲሊን ሲፈራርስ በመሃል ቪኒል ክሎራይድ ይሆናል። እሱ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው፤ የአሜሪካው የመጠጥ ውሃ ገደብም በሊትር 2 ማይክሮግራም ነው፣ ከመጀመሪያው የጠበቀ። ሪፖርቱ የመጀመሪያውን ብቻ እየቆጠረ "90 በመቶ ቀንሷል" ቢልሽ ከእሱ የተወለደውን የቪኒል ክሎራይድ ቁጥር ጠይቂ።

የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልበል። መለበጫ ቦታ ላይ ሳያናይድ የሚባለው መርዝም አሲድም አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። አሮጌ ገንዳና ጉድጓድ ሲመጠጥ የሁለቱ ዝቃጭ በአንድ ቦቴ እንዳይጫን። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ዝቃጭ ሳይመረመር አይነካ። ይህ ሲጣስ ካየሽ ሥራውን አስቁሚ፣ ደብዳቤው በኋላ ይደርሳል።

ስለሚወጣው አፈር ብዙ አልልም። እያንዳንዱ መኪና ከግቢ ሲወጣ የተመዘገበው ክብደት ከተረካቢው የሚዛን ወረቀት ጋር ይግጠም። ካልገጠመ አፈሩ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተደፍቷል።

ሁሉም አፈር ካልወጣና ጥቂቱ በኮንክሪት ተሸፍኖ ከቀረ፣ በመሬቱ የይዞታ ሰነድ ላይ መጻፉ ግድ ነው። መጻፉም ብቻውን አይበቃም። ላቭ ካናል የሚባለው የኒውዮርክ ግዛት ቦታ እ.ኤ.አ. በ1953 በ1 ዶላር ለትምህርት ቤት ቦርድ ሲተላለፍ ኬሚካል መቀበሩ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ትምህርት ቤት ተሠራበት፣ ዙሪያውም ቤት ሆነ። በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ሰው እንዲለቅ ተደረገ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ማን በየስንት ጊዜው እየመጣ እንደሚያጣራ ስሙም ቀኑም ይጻፍ።

ነገ ጠዋት ከየት ልጀምር ላልሽው፦ ድሮ እዚያ የሠሩ ሰዎችን ፈልጊ። የጥገና ሠራተኛና የጥበቃ ሰው ከማንኛውም ፕላን በላይ ያውቃሉ። የትኛው ገንዳ ያፈስ ነበር? ማታ ፍሳሹ ወዴት ይለቀቅ ነበር? በርሜል የት ይደረደር ነበር? የነገሩሽን በግቢው ካርታ ላይ ምልክት አድርጊ። ከዚያ የአማካሪውን የናሙና ነጥቦች በላዩ ላይ አስቀምጪ። ምልክት ኖሮ ናሙና የሌለበት ቦታ ካገኘሽ ካርታውን እዚህ ላኪልን፣ አብረን እናየዋለን።